ሳጥኑና እታለም

ጥር 6

ስድስት አልጋ፣ አምስት መተንፈሻ ማሽን። የአንዱ ማሽን ውሃ መያዣ ተሰንጥቆ ሲያንጠባጥብ ዋለ። ፎጣ ደልድዬበት ወጣሁ። ጥገና ክፍል ደውዬ ነበር... እንደ ልማዳቸው "ነገ" አሉኝ።

የቀለም ቀቢውን የቁስል ክር አወጣሁለት። ደርቋል። ሁለት ቦታ ደረቱ ላይ፣ ሁለት ቦታ አንገቱ ላይ። "ካመመህ ንገረኝ" አልኩት ሳላስበው። ከአንገቱ በታች ምን ሊሰማው? ሳቀብኝ። ሳቁ ድምፅ የለውም፣ ዐይኑ ብቻ ነው የሚስቀው።

ባለቤቴ እራት ላይ "ዛሬ ምን አለ?" አለኝ። "ምንም።" እውነትም ምንም የለም።

ጥር 8

ከነገ ወዲያ ሳጥኑ ይበራል። ለራሴ እንዲገባኝ ልጻፈው።

ቀቢው ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሲቀባ ከመሰላል ወደቀ። አንገቱ ከላይ ተሰበረ። እጅ የለም፣ እግር የለም፣ ትንፋሽም የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉሮሮው ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ማሽን ይተነፍስለታል። ጭንቅላቱ ደህና ነው። አፉማ ከደህናም በላይ። ማሽኑ አየር በሰጠው ልክ ሦስት ቃል ይናገራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ሦስት ቃል። ቀኑን ሙሉ የክፍሉን ኮርኒስ እያየ የቀባውን ሰው ይረግማል። "የመጀመሪያው ቀለም... ሳይደርቅ... ሁለተኛውን ደረበበት... ለዚህ ነው... የተላላጠው።" ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ እርግማን።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ቤቱ መግባት። ግን ሰፈራቸው መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ የማይታሰብ ነው... ነበር።

አሁን ከደረቱ ቆዳ ሥር ሁለት የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ ነገሮች ተቀብረዋል። ከእነሱ ቀጭን ሽቦ አንገቱ ውስጥ ወዳለው ነርቭ ይሄዳል። ውጭ ያለው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሳጥንና ሁለት ክብ አንቴና ነው። አንቴናዎቹ በደረቱ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ሳጥኑ ምልክት ይልካል፣ ነርቩ ይነቃል፣ ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ ይሳባል፣ አየር ይገባል። ሲጽፉት ቀላል ነው።

ሳጥኑ ያለን አንድ ብቻ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቀንና ሌሊት ያለ ማሽን መተንፈስ ከቻለ ሳጥኑን ይዞ ቤቱ ይገባል። ካልቻለ ሳጥኑ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ እሱ ከኮርኒሱ ጋር ይቀራል። ይህን ያለው ቀዶ ሐኪሙ ነው። እኛ በሌለበት ዶክተር ቶሎቶሎ እንለዋለን። ከእኔ በአስር ዓመት ያንሳል፣ ግን አንቱ እለዋለሁ።

ጥር 10

በራ።

አንቴናዎቹን ለጠፍኩ። (ፕላስተር በጥርሴ ነው የምቆርጠው። ተማሪ ሳለሁ ያስቆጣኝ የነበረ አመል፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።) ዶክተሩ ቁልፉን አዞረ። ሆዱ ብድግ አለ። ቀቢው ደነገጠ። "ማነው የገፋኝ?"

"ማንም አልገፋህም። የራስህ ጡንቻ ነው።"

ኮርኒሱን አየ። "አንቴና ካላችሁ... ዜና ልጀምር?" አለ።

አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወደ ማሽኑ መለስነው። በአንድ ትንፋሽ 340 ሚሊ ሊትር። ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው። እንዲህ ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ "ጥሩ"።

እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እታለም ይላታል፣ እኛም ሁላችን እታለም እንላታለን። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሁልጊዜ ደረቷ ላይ ሁለት ሦስት መርፌ ይሰካል፣ ስታቅፈው እንዳትወጋው ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከአስራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ትመጣለች፣ አንድ ቀን አልቀረችም።

ጥር 19

በየሰዓቱ አስር ደቂቃ። 380።

እታለም ከሥራ መውጫዬ ላይ ያዘችኝ። "ለምን አስር ደቂቃ ብቻ? ሰውዬው እኮ ሰልችቶታል።"

"ሦስት ዓመት የተኛ ጡንቻ ነው፣ እታለም። በሥራ ነው የሚጠነክረው። ቀስ በቀስ..."

"ሥራማ እናውቅበታለን" አለች። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

የካቲት 2

ግማሽ ሰዓት። 430።

የእሱን ማሽን ስናጠፋ በእሱ በኩል ጭር ይላል። አራተኛው አልጋ ላይ ያሉት አዛውንት መጋረጃውን በከዘራቸው ገልጠው "ሞተ እንዴ?" አሉ። "አልሞትኩም አባባ፣ ዝም ብዬ ነው" አለ ቀቢው። "እንግዲያው አንዳንዴ ሳል፣ ሰው አታስደንግጥ" አሉት። ነርሶቹ እስከ ምሳ ሲስቁ ነበር። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ።

የካቲት 16

ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ። 480። ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" ብሎ ሄደ።

ዛሬ እታለምን አንቴና አለጣጠፍ አስተማርኳት። ሳጥኑን ማብራት፣ ማሽኑን ማስቆም፣ መመለስ። ደንቡ ሠራተኛ ብቻ ይላል። ግን ቤቱ ሲገባ ማን ሊለጥፍለት ነው? ደንቡ? በሁለተኛው ሙከራ ከእኔ አሳምራ ለጠፈች። ልብስ ሰፊ አይደለች... እጇ አይስትም። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም።

የካቲት 29

ሦስት ሰዓት። 475።

መጋቢት 5

430። ባትሪ ይሆናል። ቀየርኩ።

መጋቢት 7

390። ባትሪው አይደለም።

መጋቢት 11

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ጠቆረ። ወደ ማሽኑ መለስኩት። 310። አንቴናውን በአዲስ ቀየርኩ፣ ቦታውን በሴንቲ ሜትር ለካሁ። ያው።

"ምንም አልሆንኩም" ይላል። ሁልጊዜ ምንም አልሆንኩም ነው።

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ የቁጥሩን መውረድ አየ። "ነርቩ እየተጎዳ ነው። ሽቦው ሳይነካው አልቀረም።"

"ጥቂት ቀን ብናየው..."

"ሲስተር፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።"

ልክ ነው፣ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷም አንገቷን ነው።

መጋቢት 14

290። ባለቤቴ ወጡን ቀምሶ "ዛሬ ጨው ሁለቴ ነው የጨመርሽው ወይስ ሦስቴ?" አለ። አንቺ እኮ ነገር አይገባሽም፣ ድንጋይ ነሽ፣ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ድንጋይስ ጨው ይቆጥራል?

መጋቢት 17

አገኘሁት።

ጠዋት የአንቴናዎቹን መሳቢያ ስከፍት አንደኛው አንቴና ላይ ጣት የምታክል ቁራጭ ፕላስተር ተጣብቃ ቀርታለች። ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ። ትንንሽ፣ እኩል እኩል ጥርሶች። የእኔ ጥርስ እንዲህ አይቆርጥም። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ የሚቆርጥ መቀስ የለም። ይህ ጨርቅ እንዳይተረተር ጠርዙን የሚቆርጡበት ነው... የልብስ ሰፊ መቀስ።

ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አስራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ።

"እታለም፣ ማታ ሳጥኑን ታበሪያለሽ?"

"ኧረ ምን ቆርጦኝ!"

"ፕላስተሩን የቆረጥሽው በመቀስሽ ነው።"

ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበችው። "አንድ ሰዓት ብቻ ናት" አለች። "አንዳንዴ ሁለት። እኔ ዩኒፎርም ሲደራረብብኝ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ። እሱስ ቢሠራ ምን አለበት? ቀን አንቺ፣ ማታ እኔ።"

"የማታዋ ነርስስ?"

"ሲስተር የሰጠችን የቤት ሥራ ነው አልኳት።"

"ጡንቻው ዝሎ ነው ቁጥሩ የወደቀው፣ እታለም። ለዚህ ነው።"

"ደከመህ ወይ ስለው አልደከመኝም ይለኛል እኮ!"

"እንዴት ብሎ ያውቃል? አንቺ ሲደክምሽ ወገብሽ ይነግርሻል። የእሱ ጡንቻ የሚነግርበት መንገድ ተቆርጧል።"

መርፌዎቹን ከደረቷ እየነቀለች እንደገና ትሰካለች። "በሥራ ነው የሚጠነክረው ብለሽኝ የለም?"

ብያለሁ። ሥራ አልኩ፣ እረፍት አላልኩም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ደግሞስ ማብራቱን ማን አስተማራት?

ቀቢው ሁሉንም ሰምቷል። "እኔ ነኝ... ጨምሪ ያልኳት... ሚያዝያ እየደረሰ... ነው ብዬ።"

"አንተ ቀለም ሳይደርቅ ትደርባለህ?" አልኩት።

ኮርኒሱን አላየም። ዐይኑን ጨፈነ። ይህን ባልለው ይሻል ነበር።

መጋቢት 18

አልተናገርኩም።

መጋቢት 19

አልተናገርኩም። ብናገር እታለምን ከግቢው ያባርሯታል፣ እኔንም ከእሷ ጋር። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍብኝ... ባልናገር ነርቩ ሞቷል ተብሎ ሳጥኑ ይሄዳል። በጎን ላሳርፈው ብዬ አሰብኩ። ማንም ሳያውቅ። ግን ቀን የለም።

መጋቢት 21

ዶክተሩ ሳጥኑ እንዲመለስ ደብዳቤ አስጽፏል። ሰኞ ይፈርማል።

አራት ቀን ዝም ያልኩት ለእታለም አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ሌላ ስም የለውም።

መጋቢት 23

ነገርኩት። ቢሮው በር ላይ፣ ቆሜ።

"ነርቩ ደህና ነው፣ ዶክተር። ያደከምነው እኛ ነን። ማታ ማታ ትርፍ ሲሠራ ነበር። እህቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያለ ፈቃድ።"

ሰዓቱን አየ። ከዚያ ተቀመጠ። ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ከስድስት ቀን በፊት።"

"ስድስት ቀን ዝም አልሽ?"

"አዎ።"

ስድስት ቀን... ፕላስተሯን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ገለበጣት፣ ጥርሶቿን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አስር ቀን ሙሉ እረፍት፣ ከዚያ ከአምስት ደቂቃ እንደገና። እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜ ሰጠው። ወረፋ የምትጠብቀው ልጅ ከአሁን ጀምሮ ሦስት ወር እንድትጠብቅ እሱ ራሱ ሄዶ ይነግራታል። "እኔም ቸኩያለሁ" አለ። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።

ለእኔ ደግሞ ደብዳቤ ይደርሰኛል።

መጋቢት 27

ደረሰኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያና ዝውውር። ምድር ቤት፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል። እታለም ለአንድ ወር ማታ አትገባም። እሁድ ብቻ፣ ያውም ነርስ ባለበት።

ሳልሰናበተው ወረድኩ። ምን እለዋለሁ?

ሚያዝያ 3

ቁስል ማጠቢያ። እዚህ ሁሉም በራሱ ይተነፍሳል። ይጮሃልም። ዛሬ አንድ ግንበኛ ጣቱን ሳጥብለት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ ብለውኛል።

እዚያ ላይ ዛሬ ከአምስት ደቂቃ ጀምረዋል። የኔ ክፍል አይደለም።

ሚያዝያ 9

እታለም መጣች። ሰልፉን አልፋ፣ ሰዉ እያጉረመረመባት።

"አሳልፈሽ ሰጠሽኝ።"

"አዎ።"

"ሦስት ዓመት አንድ ማታ አልቀረሁም። አሁን እንደ ሌባ በር ላይ ይፈትሹኛል። መቀሴን ዘበኛው ጋ ነው የማስቀምጠው።"

"ካልተናገርኩ ሳጥኑ ይወሰድ ነበር።"

"መጀመሪያውኑ አሳርፊው ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ?"

"አልነገርኩሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ይህን ስላት የባሰ ተናደደች። ክርክር ፈልጋ የመጣች ሰው "የኔ ነው" ሲሏት የምትይዘው ታጣለች። ደህና ዋይ ሳትለኝ ወጣች።

ከፍቶኛል። ቤት ስገባ ባለቤቴን ለምንም ነገር ተቆጣሁት። ሰሃኑን አንስቶ ማጠብ ጀመረ። እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ የባሰ ይከፋኛል።

ሚያዝያ 26

ባለቤቴ፣ "ዛሬ ስንት ሰዓት ደረሰ?" አለ።

"የኔ ክፍል አይደለም አልኩህ።"

አንድ ሰዓት ተኩል ነው። 440። የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራኛለች። ሳልጠይቃት። ደረጃውን ስትጠርግ ጠብቄ እግረ መንገዴን... እሺ፣ ጠይቄያታለሁ።

ግንቦት 15

አምስት ሰዓት። 490።

ግንቦት 30

ቀኑን ሙሉ። ማታ ብቻ ማሽን። እታለም ማታ መግባት ከተፈቀደላት ቆይቷል። አሁን ሰዓት ሲሞላ ነርሷን የምትጠራው እሷ ናት አሉ። አንድ ደቂቃ ካለፈ በሩ ላይ ቆማ ትጣራለች። ነርሶቹ ጭንቅላታችንን በላችው ይላሉ።

ሰኔ 14

ቀንና ሌሊት። 500።

ዶክተሩ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ነገረኝ። ሰዓቱን አላየም... አይ፣ አንዴ አይቷል። ስወጣ መንገድ ላይ ለብቻዬ እየሳቅሁ እንደነበር ያወቅሁት አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ ስታየኝ ነው።

ሰኔ 26

ዛሬ ቤቱ ገባ። አምቡላንሱ ሲወጣ ግንበኛው ጣቱን አስይዞኝ ነበር። በመስኮቱ የአምቡላንሱን ጎማ ብቻ አየሁ።

ሐምሌ 12

የእረፍት ቀኔ። ማንም አልጠራኝም። አድራሻውን ከድሮው መዝገብ ላይ ገልብጬ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ደረጃ።

እታለም በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። አየችኝ። አልገረማትም።

"አሁን እረፍት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ተመለሺ።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ ላየው..."

"አንድ ደቂቃ የሚባል የለም። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት በጀርባው ይተኛል። ወሬ የለም፣ እንግዳ የለም። ዶክተሩም ቢመጣ።" ዘጋችው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተቀይማኝ ይሁን ደንብ አክብራ አላወቅሁም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት ሬዲዮ ኳስ ያስተላልፋል። ከራሴ በላይ አንዲት አምፖል። ያመጣሁትን ብርቱካን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት...

አምፖሏ ጠፋች። ኳሱም ቀጥ አለ።

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ብርቱካኑ በደረጃው ተንከባለለ። አስራ ዘጠኝ ዓመት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ቅርቡ አልጋ ሮጫለሁ፣ የእጅ መተንፈሻውን ፊኛ ይዤ መብራቱ እስኪመጣ ጨምቄያለሁ። በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

እታለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከፈተች። "ምን ሆንሽ?"

"መብራት!"

"አዎ፣ ጠፋ። ሁልጊዜ ይጠፋል።"

ገፍቻት ገባሁ። በመስኮቱ ሥር በጀርባው ተኝቷል። አንሶላው ብድግ ይላል፣ ይወርዳል። ብድግ ይላል፣ ይወርዳል። እንቅልፍ ላይ ነው። አጠገቡ በርጩማ ላይ ሳጥኑ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ምንም ሽቦ የለም። አውቃለሁ እኮ። ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ቀኝ እጄ በአየር ላይ ጭምቅ፣ ልቅቅ፣ ጭምቅ፣ ልቅቅ ይላል። የሌለ ፊኛ። ማቆም አቃተኝ።

እታለም አየችው። መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ጣቶቿ በመርፌ ሻክረዋል።

"ተይው በቃ" አለች በሹክሹክታ። "እሱ እየሠራ ነው። አንቺ እረፊ።"

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ድምፅ ሳላሰማ፣ እንዳልቀሰቅሰው። እጄን አልለቀቀችውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ነቃ። አየኝ። "ሲስተር፣ አንቺን ምድር ቤት አውርደው እኔን ሦስተኛ ፎቅ ሰቀሉኝ አሉ፣ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ሰው የሚወጣው ሌላው ሲወርድ ነው" አለ። በአንድ ትንፋሽ፣ የትም ሳያቆም። እታለም ብርቱካኖቹን ከደረጃው ለቅማ መጣች። አንዱን ልጣ አጎረሰችው፣ አንዱን ለእኔ። ስለ ዶክተሩ፣ ስለ አራተኛው አልጋ አዛውንት፣ ስለ ሁሉም አወራን፣ እስኪመሽ።

መብራቱ መቼ እንደመጣ አላውቅም።